ጎልፍ ክለብ ልገባ ነው ላልሽው እህቴ፦ መጀመሪያ 40 ሲሞላሽ ስንት እንደሚሆን ጠይቂያቸው

ሰላም እህቴ፣ ኢድ ሙባረክ በዛውም። ጥያቄሽን ሶስቴ አነበብኩት፣ ሌላውም ሰው እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። የደሴ ልጅ ነሽ፣ 31 ዓመትሽ ነው፣ ሜሪላንድ ፋርማሲስት ነሽ፣ ጎልፍ ከጀመርሽ አራት ዓመት ሆኖሻል፣ እስካሁን ምትጫወቺው የሕዝብ ሜዳ ላይ ነው። ሶስት የግል ክለቦች የወጣት አባልነት ዋጋ ልከውልሻል። አንደኛው የአባላቱ ንብረት ነው፣ መግቢያው ለወጣት በግማሽ፣ እሱም በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ። ሁለተኛው መግቢያ ሚባል ነገር የለውም ግን ባለቤቱ ብዙ ክለብ ያለው ካምፓኒ ነው። ሶስተኛው ወረፋ አለው፣ ሁለት ስፖንሰር (እናውቃታለን ብለው ሚያቀርቡሽ ነባር አባላት) ይፈልጋል። ሂጃብ እለብሳለሁ እንዴት ያዩኛል ብለሽም ጠይቀሻል። ለበዓል ደሴ መጥተሽ እናትሽ "ለኳስ መምቻ ይሄን ሁሉ ብር?" ብለውሽ ግራ ገብቶሻል፣ ከመመለስሽ በፊት መወሰን ትፈልጊያለሽ።

እኔም የደሴ፣ የሆጤ ልጅ ነኝ። እዛው ሜሪላንድ አንድ የግል ክለብ ውስጥ የአባልነት ቢሮ 9 ዓመት ሰርቻለሁ፣ ማመልከቻ መቀበል፣ እንግዳ ማስጎብኘት፣ የወር ሂሳብ ሲበዛባቸው ለሚደውሉት ማስረዳት፣ ሁሉም የኔ ስራ ነበር። ከዛ ስራውን ለቅቄ ራሴ ሌላ ክለብ በወጣት አባልነት ገባሁ። አሁን ደሴ ተመልሼ ነው ያለሁት። ነገሩን ሻጭም ገዢም ሆኜ አውቀዋለሁ ማለት ነው፣ እና ሚቆጨኝ ነገር ስላለ ረዘም አድርጌ ነው ምጽፍልሽ።

እናትሽ ቅሬ (ሌላ ቦታ እድር ሚባለው) አላቸው አደል? እንግዲህ ለሳቸው ስታስረጂ ከዛ ጀምሪ። ቅሬ ስትገቢ መግቢያ ትከፍያለሽ፣ በየወሩ መዋጮ አለ፣ ድንኳኑ ሲቀደድ ወይ ብረት ድስቱ ሲያልቅ ደግሞ ስብሰባ ተጠርቶ "እያንዳንዱ ይሄን ያህል ይጨምር" ይባላል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሁሉም በደንቡ ነው ሚሄደው። በአባላቱ የተያዘ የጎልፍ ክለብም አጥንቱ ይሄው ነው። መግቢያ አለ፣ የወር ክፍያ አለ፣ የሆነ ነገር ሲበላሽ ድንገተኛ መዋጮ አለ፣ እነሱ አሰስመንት ይሉታል። እና ቅሬ ውስጥ ያደገ ሰው ደንቡን ሳያይ፣ ሳጥኑ ውስጥ ስንት እንዳለ ሳይጠይቅ አይገባም፣ ጎልፍ ክለብ ላይ ግን የተማረው ሁሉ ሳሩን አይቶ ይፈርማል። እኔ ፊት ስንቱ ፈርሟል መሰለሽ፣ ደንቡን አምጣ ያለኝ በ9 ዓመት ውስጥ በጣም ጥቂት ሰው ነው።

አሁን ወደ ቅናሹ። ክለቦች ወጣት በርካሽ ሚያስገቡት አባላቶቻቸው እያረጁ ስለሆነ ነው፣ የሚተካ ሰው ያስፈልጋቸዋል፣ ከ30 እስከ 40 ያለ ሰው ደግሞ ቤት ሚገዛበት ልጅ ሚያሳድግበት እድሜ ስለሆነ ሙሉውን ዋጋ አይችልም። ስለዚ ቀለል አድርገው ያስገቡሻል፣ ጓደኛ ታፈሪያለሽ፣ ልጅሽ እዛ ዋና ይማራል፣ ሳታስቢው ክለቡ ሰፈርሽ ይሆናል፣ እና ዕድሜው ሲደርስ ሙሉውን ትከፍያለሽ። በዚህ ቅር አይለኝም፣ ሃቀኛ አሰራር ነው። ግን የገዛሽው ነገር ዋጋ 31 ላይ ያለው ሳይሆን 40 ላይ ያለው መሆኑን አውቀሽ ግቢ።

ዕድሜው እንደክለቡ ይለያያል፣ አንዳንዱ 35 ላይ ያበቃል፣ ብዙው 40፣ አንዳንዱ 45። የወር ክፍያውም ባንዴ አይዘልም፣ ደረጃ ደረጃ አለው። ዋናው ጥያቄ ግን ይሄ ነው፣ ጻፊውና ያዢው፦ "የቀረው መግቢያ የሚሰላው በገባሁበት ቀን ዋጋ ነው ወይስ ዕድሜው በሞላኝ ቀን ዋጋ?" ቁጥሩን ዝም ብዬ ለምሳሌ ልበል። ዛሬ ሙሉ መግቢያው 40,000 ዶላር ነው እንበል፣ አንቺ በግማሽ 20,000 ከፈልሽ። 40 ሲሞላሽ የክለቡ መግቢያ 70,000 ደርሶ ቢሆንስ? በገባሽበት ቀን ዋጋ ከሆነ 20,000 ይቀርሻል፣ በዛን ቀን ዋጋ ከሆነ ግን 50,000። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት ልዩነቷ፣ ደንቡ ውስጥ አንድ ቦታ ተጽፋለች። ይሄ ደግሞ ዝም ብሎ ፍርሃት እንዳይመስልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ከቤት ውጪ ሚደረግ ነገር ሲፈልግ ጎልፍ ላይ ወረደ፣ ባዶ የነበሩ ክለቦች ወረፋ አወጡ፣ መግቢያቸውንም ሰቀሉ። ከዛ በፊት በርካሽ ገብተው "በዛን ቀን ዋጋ" የሚለው ላይ የፈረሙ ልጆች ምን እንደገጠማቸው አስቢው።

የራሴን ልንገርሽ። ስሙን አልጠራም፣ ክለቡ ጥሩ ክለብ ነበር፣ ሜዳውም ያምራል። 34 ዓመቴ ላይ በወጣት አባልነት ገባሁ፣ ሁለት ዓመት በጣም ደስ ብሎኝ ተጫወትኩ። በሶስተኛው ዓመት የውሃ ማጠጫው መስመር አርጅቷል ሙሉ በሙሉ ይቀየር ተባለ፣ ድምጽ ተሰጠ፣ እያንዳንዱ አባል በሶስት ዓመት ሚከፍለው መዋጮ ተጣለ። እኔ ድምጽ ልሰጥ ስብሰባው ላይ ተገኘሁ፣ ለካ የወጣት አባል ድምጽ የለውም። መዋጮው ላይ ግን አለሁበት፣ እንደሙሉ አባል እኩል። ድንኳን ይገዛ አይገዛ ሚለው ላይ አትናገርም ግን እኩል አዋጣ እንደማለት ነው፣ እዚ ቅሬያችን ውስጥ እንዲህ ቢባል ሰው ይስማማል? ደንቡ ላይ ተጽፏል፣ ሁለት አንቀጽ ተራርቀው። ይሄን ስራ ለ9 ዓመት የሰራሁ ሰው ሆኜ የራሴን ደንብ በጥድፊያ ነው ያነበብኩት። እስካሁን ይቆጨኛል። እና አደራሽን፣ የወጣት አባል ድምጽ አለው ወይ፣ መዋጮስ በሙሉ ነው ሚከፍለው ወይስ በግማሽ፣ በጽሁፍ ይመልሱልሽ።

መዋጮ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ከሞላ ጎደል ማወቅ ይቻላል። ሜዳ ማለት ሳር ብቻ አይደለም፣ ከሳሩ ስር ያለው ነው ገንዘብ ሚበላው። የማጠጫ መስመር ከ10 እስከ 30 ዓመት ያገለግላል፣ ግሪኖቹ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር የተላጨው ሳር) ከ15 እስከ 30 ዓመት፣ የበንከር (ኳሱን እንዲያስቸግር የተሰራው የአሸዋ ቦታ) አሸዋ ደግሞ ከ5 እስከ 7 ዓመት። ስለዚ ስትጎበኚ "ማጠጫው የተቀየረው መቼ ነው?" በይ። "ወይ 25 ዓመት ይሆነዋል፣ ግን ምንም አይልም" ካሉሽ አንቺ አባል ሆነሽ እያለሽ ነው ሚቀየረው። ቀጥለሽ ለሱ የተጠራቀመ ገንዘብ አለ ወይ በይ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ስንቴ ድንገተኛ መዋጮ ተጣለ በይ። ይሄን ስትጠይቂ ፊቱ ሚቀያየር አስጎብኚ ካየሽ እሱም ራሱ መልስ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። በአባላት የተያዙ ክለቦች አብዛኞቹ በአሜሪካ የግብር ህግ 501(ሲ)(7) በሚባለው ስር ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ የሆኑ ማህበራት ናቸው፣ በዚህ ምክንያት በየዓመቱ ፎርም 990 ይሞላሉ፣ ፎርሙ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ነው። ማንንም ሳትለምኚ ሳትፈሪ የክለቡን ስም ከአሜሪካ ግብር መስሪያ ቤት ከአይአርኤስ ድረገጽ ላይ ፈልገሽ የሶስት የአራት ዓመቱን ማየት ትችያለሽ። ገቢው እያደገ ነው ወይስ እየወረደ፣ ዕዳው ስንት ነው፣ በዓመቱ መጨረሻ ምን ተረፈ። በዚሁ ህግ አሰራር ደግሞ ከአባል ውጪ ካለ ሰው ሚያስገቡት ገቢ ከጠቅላላው 15 ከመቶ እንዳያልፍ ይጠበቃል፣ ስለዚ እንደዚህ ያለ ክለብ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ሰርግ እያስተናገደ አንቺን ከሜዳ አያስወጣም። የመጀመሪያው ክለብሽ የአባላቱ ነው ስላልሽ ዛሬ ማታ ደሴ ቁጭ ብለሽ ይሄን ማየት ትችያለሽ፣ ኔትወርኩ ከሰጠሽ። የካምፓኒው ግን እንዲህ አይገኝም፣ የግል ንግድ ነው።

ስለ ካምፓኒው ክለብ ሰው ብዙ ክፉ ያወራል፣ እኔ አልጠላውም። የአባላት ስላልሆነ ማጠጫው ሲሰበር ጉዳዩ የባለቤቱ ነው፣ ውልሽ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በስተቀር። መግቢያ ስላልከፈልሽም ለቅቀሽ ስትወጪ የሚቀርብሽ ነገር የለም። በሌላ በኩል የወር ክፍያውን ሲጨምር አንቺን አያማክርም፣ ክለቡን ሲሸጠውም እንደዛው፣ እና መግቢያ የሌለው ቦታ ሰው እንደልቡ ሚገባ ሚወጣበት ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ሊጨናነቅ ይችላል። አንድ ሜዳ ለስንት አባል እንደሆነ ጠይቂ። ስራሽ ወደ ቴክሳስ ሊያዛውርሽ እንደሚችል ጥያቄሽ መጨረሻ ላይ ጠቅሰሽ አይቻለሁ፣ እሱ ነገር ክብደት አለው፣ እመለስበታለሁ።

ብሩ ይመለስልኛል ወይ ላልሽው፣ "ተመላሽ መግቢያ" ሚባል አለ፣ ለምሳሌ 80 ከመቶ ሚመለስ። በወረቀት ያምራል። ግን ብዙ ቦታ ሚመለስልሽ አዲስ ሰው ሲገባ ነው፣ ከለቀቁት ሰልፍ ላይ ትቆሚያለሽ፣ አንዳንዱ ክለብ ሶስት ሰው ገብቶ ነው ለአንድ ሚመልሰው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢኮኖሚው ሲወድቅ ሰው ባንዴ ለቆ ሰልፉ ተዘርግቶ ቀረ። ስለዚ ሚመለስ ገንዘብ ነው ብለሽ አትቁጠሪው፣ ከመጣ እሰየው በይ።

ወር ሂሳቡ ላይ ደግሞ የምግብ ሚኒመም ሚባል አለ፣ በወር ወይ በሩብ ዓመት ይሄን ያህል ክለቡ ሬስቶራንት ብላ፣ ካልበላህም ክፈል። አንቺ ረመዳንን ትጾሚያለሽ፣ ኦርቶዶክስ ሆና ምታነብ ካለችም ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በወር የሚቆጠር ከሆነ የጾሙ ወር ገንዘብ ሳትበዪው ይሄዳል፣ በዓመት የሚቆጠር ከሆነ ግን በኋላ ጓደኞችሽን ጠርተሽ ትጨርሺዋለሽ። ኢፍጣር ላይ ሰው ጋብዘሽ መጠቀም ትችያለሽ ወይ፣ ሃላል ያዘጋጃሉ ወይ፣ ጠይቂ፣ ማፈር የለም፣ እኔ ቢሮ እያለሁ ይሄን የጠየቀኝ አልነበረም ግን ቢጠየቅ ወጥ ቤቱን አነጋግሬ እመልስ ነበር። ከሱ ሌላ የካርት (ሜዳው ላይ ሚነዳው ትንሽ መኪና)፣ የሎከር፣ የዕቃ ማስቀመጫ፣ የእንግዳ ክፍያ ምናምን አለ፣ የአንድ እውነተኛ አባል የዓመት ሂሳብ ምን ያህል እንደሚመጣ ስሙን አጥፍተው ያሳዩሽ።

ከዛ አካፍዪው። ለምሳሌ ዓመቱን ሙሉ ሁሉ ተደምሮ 9,000 ዶላር ቢመጣና አንቺ እንዳልሽው 30 ዙር (አንድ ዙር ማለት 18ቱን ጉድጓድ አንዴ መጨረስ ነው) ብትጫወቺ አንዱ ዙር 300 ዶላር ነው። 60 ዙር ከሆነ 150። ክለብ ዋጋ ሚያወጣው ቶሎ ቶሎ ለምትሄድ ሰው ነው፣ ከስራ በኋላ ለአምስት ጉድጓድ ብቻ ብቅ ብላ ለምትመለስ። ሃንዲካፕ (የችሎታሽን ደረጃ ሚያሳይ ቁጥር፣ ትልቅ ሲሆን ገና ጀማሪ ነሽ ማለት ነው) ለማግኘት ብለሽ ከሆነ ግን ክለብ አያስፈልግሽም፣ የሕዝብ ሜዳ ተጫዋችም በክልሉ የጎልፍ ማህበር በኩል ተመዝግቦ ያገኛል፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ያለው የዓለም ስርዓት እስከ 54 ድረስ ስለሚሰጥ ጀማሪም አይቀርም።

እዚ ጋ ነው የአንቺ ጉዳይ ከሌላው ሚለየው። ቅዳሜና እሁድ ብዙ ጊዜ ስራ ነሽ፣ ዕረፍትሽ ሰኞና ማክሰኞ ነው ብለሻል። እህቴ፣ አብዛኛው የግል ክለብ ሰኞ ዝግ ነው። ሳር ሚታከምበት ቀን ነው፣ ወይም ሜዳው ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ውድድር ይከራያል። ስለዚ ከሁለት ቀንሽ አንዱ ገና ሳትገቢ ሄደ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ብዙ ክለብ ላይ የሴቶች ቀን ነው፣ አንዳንዱ ሐሙስ ያደርገዋል። ይሄ ላንቺ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ አብረውሽ ሚጫወቱት ግን አብዛኛዎቹ ጡረታ የወጡ እናቶች ናቸው። እኔ የማውቃቸው በጣም ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ አዲስ ሴት ስትመጣ እጇን ይዘው ነው ሚያስተዋውቋት፣ ግን የእድሜ እኩያ ፍለጋ ከሆነ ሀሳብሽ ሌላ ነው። ለሚሰሩ ሴቶች የማታ ቡድን አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። እና የወጣት አባልነት አንዳንዴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካልሆነ አትጫወትም ሚል ገደብ አለው፣ እሱ አንቺን ብዙም አይነካሽም፣ እንዲያውም ስራ ቀን ብቻ ሚያስጫውት ርካሽ አባልነት ካላቸው ሰኞ ዝግ መሆኑን ቆጥረሽ እሱን አወዳድሪው።

ሂጃብሽን በተመለከተ እውነቱን እነግርሻለሁ። የአሜሪካ ጎልፍ ታሪኩ ከባድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የባለሙያ ጎልፈኞቹ ማህበር ፒጂኤ እስከ 1961 ድረስ ነጭ ብቻ ሚል አንቀጽ ነበረው፣ ዋሽንግተን ላይ ላንግስተን የተባለው ሜዳ በ1939 የተከፈተው ጥቁሮች ነጮች ሚጫወቱበት ሜዳ ስለማይገቡ ነው። ታዋቂው ክለብ ኦገስታ ናሽናል የመጀመሪያ ጥቁር አባሉን የተቀበለው በ1990 ነው፣ ሴቶችን በ2012። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ በእውነት የግል የሆነን ክለብ ነጻ ይተወዋል፣ እዛው አንቺ ያለሽበት ሜሪላንድ ቤተስዳ በርኒንግ ትሪ የወንዶች ብቻ ክለብ ነው። ይሄን ሁሉ ምነግርሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፣ ደንብ ላይ "ሁሉንም እንቀበላለን" ሚል ስላነበብሽ ብቻ እንዳትረኪ ነው። የኔ የድሮ ክለብ ውስጥ ጭንቅላቷን የምትሸፍን አባል ነበረች፣ ችግር ስትገጥማት አላየሁም፣ ግን አንድ ክለብ ሌላውን አይሆንም። ሶስት ነገር ጠይቂ፦ ስንት አባል ከ40 በታች ነው፣ ስንት ሴት በባሏ ስር ሳይሆን በራሷ ስም አባል ናት፣ ነገ ባገባ ባለቤቴ በኔ ስም ይገባል ወይ። መልሱ ቁጥር ከሆነ ጥሩ ነው። "ኧረ ብዙ አሉ" ከሆነ አይበቃም።

እና ሂጂና ተጫወቺ። ለእጩ አባል ብዙ ጊዜ አንድ ዙር በነጻ ይጋብዛሉ፣ ግን ያሳዩሽ ቀን ሁሉም ነገር ተኳኩሎ ነው ሚጠብቅሽ፣ ሙሽራ ቤት ማለት ነው። ከዛ ሌላ አንድ ተራ ማክሰኞ ከማታውቂያቸው ሶስት ሰዎች ጋ ያስገቡሽ። ማን ሰላም አለሽ፣ ኳስሽ ሲጠፋ ማን አብሮሽ ፈለገ፣ ሎከር ሩም ያለችውን ሰራተኛ በስሟ ሚጠራት አለ ወይ። ሰራተኛ ሆኜ ስለኖርኩ ይሄን የመጨረሻውን ከሁሉም በላይ አምነዋለሁ።

እንግዲህ የኔ ፍርድ። ቴክሳስ መሄድሽ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት እውነት ሊሆን ከቻለ የመጀመሪያውን ክለብ አሁን አትግቢ፣ አምስት ዓመት ተከፋፍሎ ሚለው ውል በመሀል ስትለቂ ቀሪውን ሊያስከፍልሽ ይችላል። እስከዛ የካምፓኒው ክለብ ይሻልሻል፣ መልቀቂያ ማስታወቂያው 30 ቀን ወይ 60 ቀን ከሆነና ቴክሳስም ክለብ ካላቸው ያዛውሩሻል ወይ ብለሽ በጽሁፍ ካስመለስሽ። የሶስተኛው ወረፋ ላይ ግን ዛሬውኑ ተመዝገቢ፣ ለመመዝገቢያ ብዙ ካልጠየቁሽ። ስፖንሰር የለኝም ላልሽው ደግሞ የሴቶች ቀን ላይ አብረሽ የተጫወትሻቸው ሰዎች ናቸው ስፖንሰር ሚሆኑት፣ አምስት ስድስት ጊዜ በእንግድነት ከተጫወትሽ ራሳቸው ይጠይቁሻል፣ ለማታውቂው ሰው ደብዳቤ ጻፊልኝ አትበይ። ቴክሳሱ ከቀረና የመጀመሪያው ክለብ "በገባሽበት ቀን ዋጋ" ካለሽ፣ ፎርም 990ውም ደህና ከሆነ፣ ማጠጫውም አዲስ ከሆነ፣ እሱን ግቢ፣ ሶስቱም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሚሆንሽ እሱ ነው።

ለእናትሽ ምትልኪው ገንዘብ ግን ከዚህ ሂሳብ ውስጥ አይግባ። የክለቡ የዓመት ወጪ እሱን ሚነካ ከሆነ አንድ ዓመት ጠብቂ፣ የሕዝቡ ሜዳ የትም አይሄድም። እሳቸውንም ኳስ መምቻ ነው ሲሉሽ አትከራከሪ፣ ቡና ላይ ቁጭ ብለሽ እንደቅሬ አድርገሽ አስረጃቸው፣ በረካው ሳይደርስ ይገባቸዋል። እኔማ እዚህ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳን ባለፍኩ ቁጥር 18ቱም ጉድጓድ ይታየኛል፣ እዛ ጋ ግሪን እዚ ጋ በንከር እያልኩ ነው ማልፈው፣ አብሮኝ ያለው ሰው ምን ሆንክ ይለኛል።

ደንቡን ከላኩልሽ ስለ ዕድሜና ስለ መዋጮ ሚያወራውን ገጽ ብቻ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ስምሽንና የክለቡን ስም ሸፍኚው። ሐሙስ ማታ አነበዋለሁ፣ አርብ ጠዋት ከመብረርሽ በፊት መልሱ ይደርስሻል።